ከመርፌው ይልቅ ከረጢቱን ይፈትሹ

በተፈጥሮ ሕክምና ክሊኒኮች ስለሚሰጠው የቻይና ባህላዊ ሕክምና የሚደርሱን ጥያቄዎች እየበዙ ነው። አብዛኞቹ ስለ አኩፓንክቸር፣ ማለትም በቀጭን መርፌ እየተወጋ ስለሚሰጠው ሕክምና ናቸው፤ ሰው የሚፈራው የሚያየውን ነውና። ከየሕክምናው ጥቂት ጥያቄ መርጠናል፤ የሚመሳሰሉትንም አጣምረናል።

ጥያቄ፦ ለትከሻ ሕመም አኩፓንክቸር ልጀምር ነው። መርፌ እፈራለሁ። ስንት ይወጉኛል? ምን ያህልስ ጠልቆ ይገባል? ወንድሜ በመጀመሪያው ቀን ራሱን ስቶ ስለነበር እኔም ሰግቻለሁ።

መልስ፦ እርስዎ የሚፈሩት መርፌና ይህኛው ከስም በቀር ብዙም አይገናኙም። ደም የሚቀዳበት መርፌ መሃሉ ክፍት ነው፤ ጫፉም ቆዳውን ቆርጦ እንዲገባ ተደርጎ የተሳለ ሲሆን ውፍረቱ 0.8 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። የአኩፓንክቸር መርፌ ግን ድፍን ሽቦ ነው። ውፍረቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ0.20 እስከ 0.30 ሚሊ ሜትር ነው፤ በጣት ቢጫኑት ይለመጣል። በቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ሆኖ ቆዳ ላይ ይቀመጥና ከላይ በጣት መታ ሲደረግ ይገባል። ቱቦው ቆዳውን ጫን ስለሚያደርገው ውጋቱ እምብዛም አይታወቅም።

ቁጥሩ እንደ ባለሙያው ይለያያል፤ በአንድ ቀጠሮ ከ6 እስከ 15 መርፌ የተለመደ ነው። ጥልቀቱ ደግሞ እንደ ቦታው ነው። ጣትና ጆሮ ላይ ጥቂት ሚሊ ሜትር ይበቃል፤ ከጉልበት በታች ያለው ጡንቻ እስከ 40 ሚሊ ሜትር ይችላል፤ መቀመጫ ላይ 75 ሚሊ ሜትር የሚረዝም መርፌ ይዘው ቢመጡም አይደንግጡ። ከዚያ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ጸጥ ብሎ መተኛት ነው። እንግዳ የሚሆንብዎት መርፌው ከገባ በኋላ የሚመጣው ስሜት ይሆናል፤ መክበድ፣ መወጠር፣ ደንዘዝ ማለት። ቻይናውያኑ «ደ ቺ» ይሉታል፤ ባለሙያው የሚፈልገውም እሱን ነው። እንደ ኤሌክትሪክ ሽው ብሎ ወደ ጣት የሚወርድ ንዝረት ከሆነ ግን ነርቭ ተነክቷል ማለት ነውና ወዲያው ይናገሩ፤ መርፌውን ትንሽ መሳብ ይበቃል።

ራስን መሳት በአብዛኛው የሚያጋጥመው ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚመጣ፣ ባዶ ሆዱን ወይም ደክሞት ለተቀመጠ ሰው ነው። ከቀጠሮው ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ቀደም ብለው ቀለል ያለ ምግብ ይብሉ፤ «ተኝቼ ይሁንልኝ» ይበሉ፤ መጀመሪያውኑም ጥቂት መርፌ ብቻ እንዲሆን ይጠይቁ። ቀዝቃዛ ላብ፣ ማዛጋት፣ ማቅለሽለሽ ከመጣ ዝም ብለው አይታገሡ። መርፌዎቹ በሙሉ ወጥተው እግር ከፍ ሲደረግ በደቂቃዎች ውስጥ ያልፋል።

የእርስዎ ጉዳይ ትከሻ ስለሆነ አንድ ነገር ጠበቅ አድርገን እንንገርዎ። በአንገትና በትከሻ ጫፍ መሃል፣ ሰው ሲደክመው ራሱ ጨመቅ የሚያደርጋት ጉብታ ላይ «ጂያንጂንግ» የምትባል ነጥብ አለች። ከሥሯ ያለው የሳንባ ጫፍ ነው። ቀጭን ሰው ላይ መርፌው ቀጥ ብሎ ጠልቆ ከገባ ሳንባን ሊበሳ ይችላል። እንዲህ ያለው ጉዳት ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም ባይሆንም አኩፓንክቸር ከሚያደርሳቸው ከባድ ጉዳቶች ዋነኛው ነው። ጠንቃቃ ባለሙያ ጡንቻውን በሁለት ጣት ቆንጥጦ አንሥቶ አጋድሞ ይወጋል። ከክሊኒኩ ከወጡ ከሰዓታት በኋላም ቢሆን ሲተነፍሱ ደረትዎን ከወጋዎት ወይም ትንፋሽ ካጠረዎት ወደ ድንገተኛ ሕክምና ክፍል ይሂዱ፤ መርፌ መወጋትዎንም ይንገሩ።

መርፌው ገብቶ ሳለ አይገላበጡ። ጡንቻው ሲኮማተር መርፌውን ይዞ አልለቅ ይላል፤ በጉልበት መሳብ ደግሞ ሕመም እንጂ መፍትሔ አይሆንም። ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ ዙሪያውን ቀስ ብሎ ማሸት ያላቅቀዋል። ሁለት ነገር በዓይንዎ ይመልከቱ፤ የመርፌው እሽግ እርስዎ እያዩ መከፈቱን፣ ባለሙያው ሲያስገባም ሲያወጣም መቁጠሩን። ካልቆጠረ እርስዎ ይቁጠሩ። ፀጉር ውስጥ ተረስቶ ወደ ቤት የሚሄድ መርፌ ቀልድ አይደለም።

ጥያቄ፦ ጀርባዬ ላይ ዋግምት ተደርጎልኝ ክብ ክብ ጥቁር ምልክት ወጣ። «የቆሸሸው ደም ነው፤ በጠቆረ ቁጥር መርዙ ብዙ ነበር ማለት ነው» አሉኝ። አንዱ ላይ ደግሞ ውኃ ቋጥሯል። ለ20 ደቂቃ ነበር የተውት።

መልስ፦ ምልክቱ ብልዝ ነው። ብርጭቆው ቆዳውን ወደ ውስጥ ሲስበው ቀጫጭን የደም ሥሮች ይፈነዳሉ፤ ደሙም ከቆዳ ሥር ይፈስሳል። መጥቆሩን የሚወስነው የመሳቡ ኃይል፣ ብርጭቆው የቆየበት ጊዜና የቆዳዎ ጠባይ ነው። ጤነኛ ሰው ላይ አጥብቀው ቢያቆዩትም ይጠቁራል። ዋናተኛው ማይክል ፌልፕስ በ2016 የሪዮ ኦሊምፒክ በትከሻው ላይ ይዞት የታየው ክብ ምልክትም ይኸው ነበር። ቆዳ ተበጥቶ በሚደረገው ዋግምት ብርጭቆው ውስጥ የሚገኘው እንደ ጄሊ የረጋ ጥቁር ደምም እንዲሁ ነው፤ ማንኛውም ደም ወጥቶ ሲቆይ ይረጋል፣ ይጠቁራል። «መርዝ» የሚለውን ቃል የሚጠቀም ባለሙያ የትኛው መርዝ እንደሆነ ስሙን እንዲነግርዎ ይጠይቁት።

ውኃ የቋጠረው ጊዜው ስለበዛ ነው። ለጀማሪ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ፣ ለለመደ ሰው ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይበቃል፤ 15 ደቂቃ ብዙ ነው፤ 20 ደግሞ መርሳት ነው። ቋጠሮውን አያፍርጡት። ቆዳው ራሱ የተሻለ ፋሻ ነው። በንጹሕ ስስ ጨርቅ ይሸፍኑት፤ ዙሪያው እየቀላና እየሞቀ ከሄደ ወይም መግል ከያዘ ሐኪም ይየው። ብልዙ በጥቂት ቀናት፣ ቢዘገይ በሁለት ሳምንት ይጠፋል። እስኪጠፋ ድረስ እዚያው ቦታ ላይ አያስደግሙ።

ቃጠሎም ሊሆን ይችላልና አሠራሩን ያስታውሱ። በእሳት በሚሠራው ዋግምት በአልኮል የራሰ ጥጥ በመቆንጠጫ ተይዞ ይለኮሳል፤ ብርጭቆው ውስጥ ለአፍታ ገብቶ ይወጣል፤ ብርጭቆውም ወዲያው ቆዳ ላይ ይደፋል። ስሕተቱ ከሁለት አንዱ ነው። ጥጡ ሳይጨመቅ ይቀርና የሚነድ አልኮል ይንጠባጠባል፤ ወይም ነበልባሉ አፉ ላይ ይቆይና የብርጭቆው ከንፈር ይግላል። ስለዚህ ጥጡ አልኮል ከነካ በኋላ ተጨምቆ ይሁን ብሎ መጠየቅ ነውር የለበትም። በፓምፕ የሚስበው የፕላስቲክ ብርጭቆ ይህ ችግር የለበትም። ሲነሣም አይጎተትም፤ ከከንፈሩ አጠገብ ያለውን ቆዳ በጣት ጫን ሲያደርጉት አየር ይገባና ራሱ ይለቃል።

ጥያቄ፦ «ከመምጣትህ በፊት ምላስህን አትፈግፍግ» አሉኝ። ለምን?

መልስ፦ በምላስ ቀለም፣ ቅርፅና በላዩ ባለው ሽፋን ስለሚመረምሩ ነው። ሽፋኑን ከፈገፈጉት የሚነበብ አይቀርም፤ ቡና ወይም ቀለም ያለው ከረሜላም ያሳስታቸዋል። ቀጥሎ በሁለቱም እጆችዎ አንጓ ላይ ሦስት ጣት አሳርፈው የደም ትርታዎን ያዳምጣሉ። ሮጠው ደርሰው ከሆነ 10 ደቂቃ ይረፉ። ይህ ምርመራ በነሱ ሥርዓት ውስጥ የትኛውን ነጥብና የትኛውን ቅጠል እንደሚመርጡ ይመራቸዋል። ስኳርን፣ ደም ማነስን ወይም ዕጢን ግን አይለይም። በምላስ ላይ ከሦስት ሳምንት በላይ ያልዳነ ቁስል ካለ ለጥርስ ሐኪም ወይም ለአንገት በላይ ሐኪም ያሳዩ።

ጥያቄ፦ በቀጥታ ልጠይቅ፤ አኩፓንክቸር ይሠራል ወይስ አይሠራም? ማይግሬንም የወገብ ሕመምም አለብኝ።

መልስ፦ ለምን ሕመም ነው የሚለው ቀድሞ መመለስ አለበት። የእንግሊዙ የሕክምና መመሪያ አውጪ ተቋም ናይስ ለማይግሬን መከላከያ የሚሰጡት ዋና ዋና መድኃኒቶች ካልረዱ ወይም ካልተስማሙ ከ5 እስከ 8 ሳምንት ውስጥ እስከ 10 ጊዜ አኩፓንክቸር መሞከር እንደሚቻል በ2012 ጽፏል። ያው ተቋም በ2016 ለወገብ ሕመም «አትስጡ» አለ። በ2021 ደግሞ ምክንያቱ በሌላ በሽታ ለማይገለጽ ሥር የሰደደ ሕመም ሊታሰብ እንደሚችል አስቀመጠ። እርስ በርሱ የተጋጨ ይመስላል። ነገሩ ግን የሚወሰነው ከምን ጋር እንደሚወዳደር ነው። አኩፓንክቸር ያገኙ ሰዎች ምንም ካላገኙት ይልቅ ግልጽ በሆነ መጠን ይሻላቸዋል፤ ጫፉ ወደ ውስጥ በሚሸሽ የማስመሰያ መርፌ ከታከሙት ጋር ሲነጻጸሩ ግን ልዩነቱ ይጠባል። የተሻለው ክፍል ከመርፌው ነው ወይስ ከመተኛቱ፣ ከመነካቱና ከተስፋው ነው የሚለው ክርክር ገና አልተዘጋም።

በኛ ግምት ማይግሬኑ ላይ ቢሞክሩት ያዋጣል። ከመጀመርዎ በፊት ለአራት ሳምንት ራስዎን ያመመዎትን ቀን በሙሉ በካላንደር ላይ ምልክት ያድርጉ። ከስድስተኛው ቀጠሮ በኋላ ያወዳድሩ። ቀኖቹ ካልቀነሱ ያቁሙ፤ «ገና አልደረሰም፣ ሃያ ጊዜ ያስፈልጋል» የሚልዎትን አይስሙ። ከወገብ ሕመሙ ጋር የእግር መድከም፣ ሽንት አለመቆጣጠር ወይም በመቀመጫ ዙሪያ መደንዘዝ ካለ መርፌውን ትተው ዛሬውኑ ሆስፒታል ይሂዱ።

ጥያቄ፦ ስኳር በሽተኛ ነኝ፤ እግሬ ይደነዝዛል። በሚጨስ ቅጠል ሊያሞቁልኝ ነው። ጉዳት አለው?

መልስ፦ ለእርስዎ አዎ። የሚጨሰው ሞክሳ ይባላል፤ ከጭቁኝ ጋር አንድ ወገን የሆነ የአርቴሚሲያ ቅጠል ደርቆና ተፈጭቶ እንደ ሲጋር የተጠቀለለ ነው። የጋመው ጫፍ ከቆዳ ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ርቆ ለ10 ወይም 15 ደቂቃ ይያዛል። የርቀቱ ዳኛ የታካሚው «አቃጠለኝ» ማለት ነው፤ የደነዘዘ እግር ደግሞ ይህን አይልም። የሠለጠነ ባለሙያ እንዲህ ላለ ሰው ሁለት ጣቱን ከነጥቡ ግራና ቀኝ አሳርፎ ሙቀቱን በራሱ ቆዳ ይለካል። እንደዚያም ሆኖ በደነዘዘ እግር ላይ ባይሠራ እንመርጣለን፤ የስኳር በሽተኛ የእግር ቃጠሎ በቶሎ አይድንም። አስም ላለበትም ጭሱ ጥሩ አይደለም።

ጥያቄ፦ የሦስት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ፤ ያቅለሸልሸኛል። እጅ አንጓ ላይ የሚጫኑት ቦታ አለ ሲሉ ሰማሁ። የቱ ጋ ነው?

መልስ፦ «ኔይጓን» ይባላል። መዳፍሽን ወደ ላይ አድርጊ። የሌላኛውን እጅሽን ሦስት ጣቶች (ሌባ ጣት፣ የመሃልና የቀለበት ጣት) ገጥመሽ የአንጓው መታጠፊያ መስመር ላይ አሳርፊ። ሌባ ጣትሽ ወደ ክርን ባለው በኩል ይሁን፤ እሱ ባለቀበት መስመር በሁለቱ ጅማቶች መሃል ነው። ጅማቶቹ ካልታዩሽ ጨብጠሽ አንጓሽን ትንሽ እጠፊ። በአውራ ጣት ጠበቅ አድርገሽ ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ተጫኚ፤ ከዚያ በሌላው እጅ። ጣቶቹ የራስሽ ይሁኑ፤ በዚህ ሕክምና ልኬቱ በታካሚው አካል ነው። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ለሚመጣ ማቅለሽለሽ ጥሩ ማስረጃ አለው። ለእርግዝናው ማስረጃው ቢዋልልም መጫኑ ጉዳት የለውም። በልማዱ ለነፍሰ ጡር የማይነኩት በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሃል ያለውን «ሄጉ»ንና ከውስጠኛው ቁርጭምጭሚት አራት ጣት ከፍ ብሎ ያለውን «ሳንዪንጂያኦ»ን ነው። ውኃ እንኳ ለአንድ ቀን ሙሉ ካልቆየልሽ ሐኪም ቤት ሂጂ፤ ከክሊኒኩ የሚሰጥሽን ቅጠል ግን በእርግዝና አትውሰጂ።

ጥያቄ፦ ደረቅ ቅጠልና ሥር በከረጢት ሰጥተውኝ «አፍልተህ ጠጣ» ብቻ አሉኝ። በአሉሚኒየም ድስት ይሆናል? ስንት ደቂቃ?

መልስ፦ በአሉሚኒየም አይሁን፤ በብረትና በመዳብም እንዲሁ። በቅጠሉ ውስጥ ያሉ ንጥረ ነገሮች ከብረቱ ጋር ተዋሕደው ጣዕሙንም ይዘቱንም ይለውጣሉ። የሸክላ፣ የመስታወት ወይም የማይዝግ ብረት ድስት ይጠቀሙ። የአንድ ቀኑን ከረጢት አፍስሰው በቀዝቃዛ ውኃ ለ30 ደቂቃ ይዘፍዝፉት፤ ውኃው ከቅጠሉ በላይ ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ይቁም። ቅጠሉ ውኃ ስለሚጠጣ ጎደል ካለ ይጨምሩ። ከፈላ በኋላ እሳቱን ቀንሰው፣ ከድነው ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ያቆዩት። ያጥልሉ። አተላውን አይጣሉት፤ ውኃ ጨምረው ለ20 ደቂቃ ድጋሚ ያፍሉ። ሁለቱን ፍል ይቀላቅሉና ግማሹን ጠዋት፣ ግማሹን ማታ ለብ አድርገው ይጠጡ። ቢቀር ማቀዝቀዣ ውስጥ ከአንድ ቀን በላይ አያቆዩት። ካረረ ሙሉ በሙሉ ይጣሉት፤ ውኃ ጨምሮ ማዳን አይሆንም።

ከረጢቱ ውስጥ ለብቻው የታሸገ ትንሽ ነገር ካለ በተለየ ሰዓት የሚገባ ስለሆነ ነው። እንደ ናና ያለው ሽታው ቶሎ የሚተን ቅጠል በመጨረሻዎቹ 5 ደቂቃዎች ይገባል። ዛጎልና ድንጋይ ነክ ነገር ከሌላው 20 ወይም 30 ደቂቃ ቀድሞ ይፈላል። የቻይናዋ ተመራማሪ ቱ ዩዩ የወባ መድኃኒቱን አርቴሚሲኒን ለማግኘት በሞከረችበት ጊዜ በሙቀት የተገኘው ጭማቂ አልሠራ አላት፤ በአራተኛው ክፍለ ዘመን የነበረው ሐኪም ጌ ሆንግ ቅጠሉ በውኃ ተዘፍዝፎ ይጨመቅ እንዳለ አስተዋለችና ሳታፈላ ኢተር በሚባል ፈሳሽ በዝቅተኛ ሙቀት አወጣችው። በ2015 የኖቤል ሽልማት አገኘችበት። ደቂቃና ሙቀት መድኃኒቱን ያደርጉታል ወይም ያጠፉታል ማለት ነው።

ከዝርዝሩ ውስጥ «ፉዚ» የሚል ስም ካለ ጨርሶ ሌላ ነገር ነው። የአኮናይት ሥር ነው፤ መርዝ አለው። የተዘጋጀው እንኳ ከሌላው ቀድሞ ለብቻው ከ1 እስከ 2 ሰዓት መፍላት አለበት፤ መርዙን የሚሰብረው ረጅሙ መፍላት ነው። ከጠጡ በኋላ ከንፈርና ምላስ ቢቆጠቁጥዎት ወይም ቢደነዝዝዎት፣ ልብዎ ቢዛባ፣ ቢያስመልስዎት ድንገተኛ ሕክምና ነው። «አፍልተህ ጠጣ» ብቻ ብሎ ፉዚ የሚሰጥ ክሊኒክ ዘንድ እኛ ሁለተኛ አንሄድም።

ጥያቄ፦ እናቴ 68 ዓመቷ ነው። ደም እንዳይረጋ የሚሰጠውን ዋርፋሪንና የግፊት ክኒን ትወስዳለች። ለጉልበቷ መርፌ ልትወጋ ሄዳ በስም ያልተጻፈበት የቅጠል ከረጢት ይዛ ተመለሰች። መርፌውን ፈርተን ልናስቀራት ነበር፤ ይህን ግን «ተፈጥሯዊ ነው» ብለን ጀመርንላት። ልክ ነን?

መልስ፦ ፍርሃታችሁ ወዳልሆነ አቅጣጫ ነው ያነጣጠረው። ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው በቀጭን መርፌ ቢወጋ ብዙውን ጊዜ የሚገጥመው ትንሽ ብልዝ ነው። ባለሙያው ይወቅ፤ ጠልቆ አይውጋ፤ መርፌው ሲወጣ ጥጥ ጫን አድርጎ ይያዝ። ዋግምቱን ግን ይቅርባት። ቆዳ በጠፍጣፋ ነገር እየተፋቀ ቀይ ነጠብጣብ እስኪያወጣ የሚደረገው ጓ ሻም ይቅርባት።

ቅጠሉን ዛሬውኑ ያስቁሙ። «ዳንሸን» እና «ዳንግጉዪ» የሚባሉት፣ ለደም ዝውውር ተብለው ዘወትር የሚታዘዙ ሥሮች የዋርፋሪንን ኃይል ያበረቱታል፤ ውጤቱ ሆድ ውስጥ ወይም ጭንቅላት ውስጥ መድማት ሊሆን ይችላል። ጂንሰንግ በተቃራኒው ሊያዳክመው ይችላል። «ጋንጻኦ» ማለትም የሊኮሪስ ሥር፣ ጣፋጭ ስለሆነና ሌላውን ቅጠል ያስማማል ስለሚባል እጅግ ብዙ ቅመማ ውስጥ ይገባል። ሲበዛ ሰውነት ጨው እንዲይዝና ፖታሲየም እንዲያጣ ያደርጋል፤ ግፊት ይጨምራል፤ ግፊት ለመቀነስ ውኃ የሚያሸና ክኒን ከሚወስድ ሰው ጋር ሲደረብ ፖታሲየሙን ከሁለት ወገን ያራቁተዋል። «ማሁዋንግ» ኤፌድሪን አለበት፤ ልብ ያስሮጣል፣ ግፊት ያንራል። አሜሪካ ይህ ተክል ያለበትን ተጨማሪ ምግብ በ2004 ከገበያ አግዳለች።

ውስጡ ያለው ቅጠል በትክክል ሳይታወቅ መውሰድ ምን እንደሚያመጣ በቤልጂየም ታይቷል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በአንድ ክብደት መቀነሻ ክሊኒክ ለሴቶች በተሰጠ እንክብል ውስጥ «ሃን ፋንግጂ» በሚባለው ተክል ፋንታ «ጓንግ ፋንግጂ» የሚባል ሌላ ተክል ገባ። በስም ይመሳሰላሉ፤ ሁለተኛው ግን አሪስቶሎኪክ አሲድ የተባለ መርዝ አለው። ከ100 በላይ ሴቶች ኩላሊታቸው ተጎዳ፤ ብዙዎቹ የኩላሊት እጥበት ወይም ንቅለ ተከላ አስፈለጋቸው፤ በኋላም የሽንት ቧንቧ ካንሰር የታየባቸው ነበሩ።

ቀጥሎ የሚደረገው እንዲህ ነው። ክሊኒኩን የእያንዳንዱን ቅጠል ስም በቻይንኛም በላቲንም፣ መጠኑን በግራም አስጽፉ። «የቤተሰብ ምሥጢር ነው» ካሉ ገንዘቡን እንደጠፋ ቆጥራችሁ ውጡ። ዝርዝሩን ከእናትዎ ክኒኖች ጋር ይዛችሁ ፋርማሲስት ወይም የዋርፋሪኗን መጠን የሚከታተለው ሐኪም ዘንድ ሂዱ፤ ስንት ቀን እንደጠጣችም ንገሩት። የደም መርጊያ ምርመራዋ የሚቀጥለውን ቀጠሮ ሳይጠብቅ በዚህ ሳምንት ይደረግ፤ ቅጠሉን ካቆመች በኋላም ይደገም፤ ሲቆምም ልኩ ይዛባልና። ጥቁር ሰገራ፣ የማይቆም ነስር፣ ድንገተኛ ከባድ ራስ ምታት ከታየ ቀጠሮ አይጠበቅም። ቀዶ ሕክምና ካለባት ማንኛውም ዓይነት ቅጠል ከሁለት ሳምንት በፊት መቆም አለበት።

የቀረውን ከረጢትም አትጣሉት። አንዱን ሳይፈላ ደረቅ ቦታ አስቀምጡ፤ ቀኑን ጻፉበት። ነገ ጉበቷ ወይም ኩላሊቷ ላይ አንድ ነገር ቢታይ ሐኪሙ «ምን ነበር የጠጣችው?» ሲል በእጃችሁ የሚኖረው እሱ ነው።